ከጉርድ ሾላ እስከ አያት፦ ቤት ከመያዝዎ በፊት የሰፈሩን ታሪክ ይጠይቁ

በመስከረም 2001 ዓ.ም. ከባለቤቴና ከሁለት ዓመት ልጃችን ጋር ከካዛንቺስ ተነሥተን መሪ በሚባለው ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ስንከራይ፣ ዘመዶቻችን «ከከተማ ወጣችሁ ማለት ነው?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። ጥያቄያቸው አግባብ ነበረው። ከመገናኛ ወዲያ ታክሲው ሰው እያራገፈ ባዶ ይቀር ነበር፤ ከሲኤምሲ በኋላ በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሳ ይታይ ነበር፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ወደ ግቢያችን የሚያስገባውን ኮረኮንች የምናልፈው የእጅ ባትሪ ይዘን ነበር። ዛሬ እነዚያው ዘመዶቻችን ልጆቻቸው ትዳር ሲይዙ ወይም ሥራ ሲቀጠሩ «በእናንተ በኩል ቤት ይገኛል ወይ?» እያሉ ይደውሉልኛል። ለእያንዳንዳቸው በስልክ የምነግረው ነገር አንድ ዓይነት እየሆነ ስለ መጣ፣ ከጉርድ ሾላ እስከ አያት ባለው አካባቢ ለመከራየት፣ ለመግዛት ወይም በዕጣ የደረሰውን ቤት ለመረከብ ለሚያስብ ሰው ሁሉ እንዲጠቅም በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንሁ።

ለሁሉም የምለው ነገር ይህ ነው፦ በዚህ በኩል ቤቱ ከመንገዱ፣ መንገዱ ከውኃው፣ ውኃው ከዕድሩ ቀድሞ ነው የመጣው። ስለዚህ ቤቱን ብቻ አይቶ መወሰን አይበቃም፤ ያ ብሎክ ወይም ያ ግቢ መቼ እንደ ተሠራ፣ ከእርሱ በፊት በቦታው ምን እንደ ነበረ፣ ከእርሱ በኋላ ምን እንደ ተጨመረለት መጠየቅ ያስፈልጋል። እኛ ይህን ሳንጠይቅ ገብተን ብዙ ተቸግረናል።

ከመገናኛ ወደ ምሥራቅ ሁለት መንገዶች ይወጣሉ። አንደኛው በኮተቤና በካራ በኩል ወደ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋና ደብረ ብርሃን የሚያልፈው አሮጌው የደሴ መንገድ ነው። በዚህ መስመር ያለው ሰፈር ከእኛው ይልቅ ዕድሜ አለው፤ ከበላዩ በየካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኮተቤ የመጣው የመምህራን ማሠልጠኛም ዛሬ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሎ በዚያው አለ። ሁለተኛው መንገድ በጉርድ ሾላ፣ በሲኤምሲና በመሪ አልፎ አያት የሚደርሰው ነው። ይኼኛው የእኔ ትውልድ ዓይኑ እያየ ያደገ ነው። ሁለቱ ወደ ጣፎ ሲቃረቡ ይገናኛሉ።

የቦታዎቹን ስም ልብ ብሎ ላዳመጠ ሰው የሰፈሩ ታሪክ ከነቅደም ተከተሉ እዚያው ተቀምጧል። የካ፣ አባዶ፣ ለሚ ኩራ፣ ጣፎና አራብሳ የሚሉት ስሞች መሬቱን ሲያርሱ ከኖሩት የኦሮሞ ገበሬዎች የተወረሱ ናቸው። ጉርድ ሾላ ዛፍን ያስታውሳል። ሲኤምሲ የአንድ የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ስም ምህጻር ሲሆን፣ ኩባንያው በአካባቢው ከሠራቸው ቤቶች ጋር ተያይዞ የሰፈር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ሲቪል ሰርቪስ የሚባለው ፌርማታ በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመውን ኮሌጅ፣ የዛሬውን ዩኒቨርሲቲ፣ ስም የያዘ ነው። አያት ደግሞ ቤት እየሠራ ሲሸጥ በነበረው አክሲዮን ማኅበር ስም ይጠራል። ከዚያ በኋላ የመጡት ሰፈሮች ስማቸው ቁጥር ነው፤ ሳይት አንድ፣ ሳይት ሁለት፣ ብሎክ ይህን ያህል እየተባለ ይቀጥላል። እኔ የምኖርበትም የቁጥር ስም ካላቸው አንዱ ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ታሪክም ከዚሁ ብዙ አይርቅም። በ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀርመኖች በቴክኒክ እየደገፉ በገርጂ የተሠራው የሙከራ ፕሮጀክት ካለቀ በኋላ፣ ከተማው በ1997 ዓ.ም. ሰፊ ምዝገባ አካሄደ። እኔም በዚያ ጊዜ ተመዝግቤ ዕጣዬ የወጣው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. ነበር። ቅድሚያ ክፍያው ሃያ በመቶ፣ ቀሪው ሰማንያ በመቶ ደግሞ የባንክ ብድር ነበር፤ ቤቱን ለአምስት ዓመት መሸጥ እንደማይቻልም በውሉ ላይ ሰፍሯል። የደረሰን ባለ ሁለት መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ፣ አያት ነበር። ቁልፉን የተቀበልንበት ቀን ለቤተሰባችን ከሠርጋችን ቀጥሎ ትልቁ ቀን ነው። ከእልልታው በኋላ ግን የውስጥ በር፣ ወለል፣ ቀለምና የመታጠቢያ ዕቃ ራሳችን ማስገባት ነበረብን። አዲስ ቤት የሚረከብ ሰው የማጠናቀቂያውን ወጪ ከቅድሚያ ክፍያው ጋር አብሮ ካላሰበ፣ እንደ ብዙ ጎረቤቶቼ ቤቱን ዘግቶ ሌላ ዓመት በኪራይ ይቆያል።

የእኛ ብሎክ የቆመበትን መሬት ያርሱ የነበሩ አንድ አዛውንት እስከ ዛሬ ከመንገዱ ማዶ ይኖራሉ፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። በገባን በመጀመሪያው ክረምት ግቢያችን በውኃ ሲጥለቀለቅ ቆመው አይተው፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ የውኃ መውረጃ ነበር፤ እኛም ብንሆን እዚህ ጋ አንዘራም ነበር» አሉኝ። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ከሁሉም የግንባታ ሰነድ ይልቅ ጠቅሞናል፤ በማግሥቱ የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ኮሚቴ በእርሳቸው አመልካችነት በብሎኩ ጀርባ ቦይ አስቆፈረ። በዚህ አካባቢ ብዙ ቦታ ዋልካ አፈር ነው። ዋልካ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አጥርና የግቢ ንጣፍም ከእርሱ ጋር ይነሣል፣ ይወርዳል። ቪላ ወይም ምድር ቤት የሚከራይ ሰው የግድግዳውን የታችኛውን ክፍልና የአጥሩን ማዕዘን ይመልከት፤ አዲስ ቀለም ከወለሉ ከፍ ብሎ እስከ ጉልበት ብቻ ተቀብቶ ካየ ምክንያቱን ይጠይቅ። ቢቻል ደግሞ ቤቱን ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ሄዶ ማየት ነው። በጥር ያየሁት ቤት ሁሉ ጥሩ ነበር።

የከተማ ቀላል ባቡሩ የእኛን ኑሮ በሁለት ከፍሎታል፤ ከባቡሩ በፊትና ከባቡሩ በኋላ። ግንባታው ሲጀመር መሪ ነበርን፤ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል በአቧራና በጭቃ መካከል ተመላልሰናል። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው መስመር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የእኛው መስመር በጥቅምት ወር መጨረሻ ተከተለ። መስመሩ ከ17 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉትን አምስት ጣቢያዎች ከሌላኛው መስመር ጋር ይጋራል። በመጀመሪያው ጊዜ ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። በታክሲ ሦስት ጊዜ እየቀያየርሁ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚፈጅብኝን የሜክሲኮ መንገድ በአንድ ጉዞ ስጨርሰው የተሰማኝን እፎይታ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

ሆኖም ዛሬ ወደዚህ የሚመጣ ሰው «ባቡር አለ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ መከራየት የለበትም። መስመሮቹ ሲከፈቱ 41 ባቡሮች ነበሩ፤ ከጊዜ በኋላ በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ስለ ቆሙ፣ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚጠበቀው ጊዜ ረዝሟል፤ ግፊያውም ጨምሯል። ጠዋት አያት ላይ የሚሳፈር ሰው መነሻው ስለ ሆነ መቀመጫ ያገኛል፤ መሪ ላይ የሚሳፈር ይቆማል፤ ጉርድ ሾላ ላይ የሚጠብቅ ግን ሁለት ባቡር አሳልፎ ሦስተኛውን ቢያገኝ ነው። ስለዚህ በካርታ ላይ ለመሀል ከተማ የቀረበው ቤት በጊዜ ሲታሰብ የራቀ ሊሆን ይችላል። ሌላው ነገር አጥሩ ነው። ሐዲዱ በዋናው መንገድ መሀል ስለሚያልፍ መሻገር የሚቻለው በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው፤ ፊት ለፊት የሚታይ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን ዞሮ ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ሊጠይቅ ይችላል። ሽማግሌ ወይም ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ከመንገዱ በየትኛው ወገን መኖር እንደሚሻለው አስቀድሞ ያስብ። እናቴ ከእኛ ጋር መኖር ስትጀምር ሚካኤል ለመሳለም የምትሄድበትን መንገድ አብሬያት በእግሬ ሄጄ ነው የለካሁት።

ስለ ውኃ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ አካባቢ ሰው ቤት የሚለቅበት ዋናው ነገር እርሱ ነው። የለገዳዲ ግድብ በእኛው አቅጣጫ፣ ከሰንዳፋ ወዲህ ነው ያለው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከተሠራ ጀምሮ ከዚያ የተጣራው ውኃ በኮተቤ በኩል ነው ወደ ከተማ የሚገባው። ይህን የሰማ ሰው ለምንጩ ስለ ቀረብን ውኃ የማያጣን ይመስለዋል፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ትልቁ መስመር ለመሀል ከተማ የተዘረጋ እንጂ በኋላ ለመጡት ሰፈሮች የታሰበ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የለገዳዲ ሁለተኛው ምዕራፍ ጥልቅ ጉድጓዶች በቀን 86 ሺህ ሜትር ኪዩብ ውኃ እንዲሰጡ ተደርጎ ለምሥራቁ ክፍል ትልቅ እፎይታ ሆኗል። ቢሆንም ውኃው አሁንም በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ፈረቃውም ከብሎክ ብሎክ ይለያያል።

በአራተኛ ፎቅ ላይ የመጀመሪያው ዓመት እንዴት እንዳለፈ ልንገራችሁ። ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር፤ ግፊቱ ግን ከሁለተኛ ፎቅ አያልፍም። ስለዚህ ባለቤቴና እኔ ተራ ገብተን እየነቃን፣ ምድር ቤት ካሉት ጎረቤታችን ቧንቧ ጀሪካን እየሞላን ደረጃውን እንወጣ ነበር። እኚያ እናት፣ እማማ ነው የምንላቸው፣ አንድም ቀን በራቸውን ሳይከፍቱልን ቀርተው አያውቁም። በኋላ የብሎኩ ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተን ከታች የጋራ ማጠራቀሚያና ፓምፕ አስገባን፤ ችግሩ በአብዛኛው የተፈታው ያኔ ነው።

ከዚህ የተማርሁትን በዝርዝር ላስቀምጥ። ቤቱን ሊያዩ ሲሄዱ «ውኃ አለ ወይ?» ብለው አከራዩን ወይም ደላላውን አይጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። ከላይኛው ፎቅ የሚኖር ጎረቤት በር አንኳኩተው «ውኃ ስንት ቀን ይመጣል? በስንት ሰዓት? እናንተ ጋ ይደርሳል?» ብለው ይጠይቁ። ፓምፕ ካለ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግና የጥገናውን ወጪ ተከራይ ይሁን ባለቤት የሚያዋጣ መሆኑን ይወቁ። ቤተሰቤን ለአንድ ወር ለክቼ እንዳየሁት አምስት ሰው ሳያባክን በቀን 200 ሊትር ገደማ ይጠቀማል፤ የ1,000 ሊትር ሮቶ አምስት ቀን ያህል ያቆያል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ አንድ ሺህ ሊትር ውኃ አንድ ሺህ ኪሎ፣ ማለትም አሥር ኩንታል ይመዝናል። ይህን ያህል ክብደት በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ለሕይወት አደገኛ ነው። በእኛ ሳይት በረንዳቸው ላይ ትልቅ ሮቶ ያስቀመጡ ሰዎች ወለሉ መሰንጠቅ ሲጀምር ነው ያወረዱት። በቤት ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ትንንሽ በርሜሎችን በግድግዳ ዳር አከፋፍሎ ማስቀመጥ ይሻላል፤ የሚጠጣውንም ከሌላው መለየት ያስፈልጋል።

የመብራት ነገር ቀለል ያለ ነው። የቆጣሪው ባለቤት ማን እንደ ሆነና የካርድ ይሁን የወርኃዊ ቢል መሆኑን መጠየቅ ይበቃል፤ የጋራ ቆጣሪ ያለበት የግል ግቢ ግን ብዙ ሰው ያጣላል፤ እኔም መሪ በነበርሁ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ከሰው ተቀያይሜአለሁ። ለመብራት ብልሽት 905፣ ለውኃ 906፣ ለእሳት አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወላል። ቁጥሮቹን ጽፌ የፍሪጄ በር ላይ ለጥፌአቸዋለሁ። አምቡላንስ ሲጠራ «ሲኤምሲ ነኝ» ማለት አይበቃም፤ የሳይቱን ስም፣ የብሎኩን ቁጥርና በየትኛው በር እንደሚገባ መናገር ያስፈልጋል፤ አንድ ሰው አስፋልት ድረስ ወጥቶ ይቀበላቸው። ለሕክምና የመንግሥት ሆስፒታል የሚፈልግ ሰው የካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል ይቀርበዋል፤ ገርጂ ያለውና ሰው ኮሪያ ሆስፒታል የሚለው ደግሞ ከግል ሕክምና ተቋማት አንዱ ነው። ለልጆች ክትባትና ለእርግዝና ክትትል የወረዳው ጤና ጣቢያ በቂ ነው፤ ሁለተኛ ልጄን የተከታተልሁት በዚያ ነው።

ከአገልግሎቶች ሁሉ በካርታ ላይ የማይታየው ዕድር ነው። በ2006 ዓ.ም. ሌሊት በራቸውን ሲከፍቱልን የኖሩት እማማ አረፉ። ብሎኩ ከተያዘ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነበር፤ ሁላችንም ከተለያየ ሰፈር መጥተን የተሰባሰብን ስለ ነበርን የራሳችን ዕድር አልነበረንም፤ የእርሳቸውም የቀድሞው ዕድራቸው ቦታ ሲለቁ ቀርቶ ነበር። ድንኳን የለም፣ ወንበር የለም፣ ድስት የለም። ለቅሶኛው እየመጣ ደረጃው ላይ ተደርድሮ ይቆም ነበር። ልጃቸው «እናቴን ሜዳ ላይ ልቅበራት ነው?» ብላ ስታለቅስ፣ ምን ማድረግ እንዳለብን አናውቅም ነበር። ይህን የሰሙት አባባ ከማዶ ተነሥተው የአካባቢው ነባር ገበሬዎች ዕድር ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን እንዲያመጣ አደረጉ፤ ሴቶቹም እንጀራ ተሸክመው መጡ። መሬታቸው ላይ የሠፈርን፣ በስም እንኳ የማናውቃቸው ሰዎች ሦስት ቀን ሙሉ አብረውን ተቀመጡ። እንዲህ ያለውን ደግነት ረስቼ አላውቅም፤ በአካባቢው ስለ ነባሩ ነዋሪ ክፉ የሚናገር ሰው ሲያጋጥመኝም ይህን ነው የምነግረው።

ከሰልስቱ በኋላ በዚያው ድንኳን ውስጥ የብሎኮቹን ዕድር መሠረትን። መተዳደሪያ ደንቡን ያረቀቁልን የማዶዎቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ለማን ሞት ምን ያህል እንደሚሰጥ፣ የባልና የሚስት ወላጆች እኩል እንደሚቆጠሩ፣ ተከራይም እንደ ባለቤት አባል መሆን እንደሚችል ያስገቡት እነርሱ ናቸው። ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ ሁሉም ዕድር አይቀበለውም። ስለዚህ ተከራይ የሆነ ሰው በገባ በመጀመሪያው ወር ዳኛውን አፈላልጎ ይጠይቅ፤ ብዙ ዕድሮች አዲስ አባል ገንዘብ ለመቀበል የተወሰነ ወራት እንዲቆይ ስለሚያደርጉ ማዘግየት ይጎዳል። የቀድሞ ሰፈሩን ዕድርም አዲሱ እስኪጸና ድረስ አያቋርጥ።

ከዕድር ጋር የሚያያዘው የጋራ መገልገያ ሕንፃ ነው። ኮሚናል የምንለው ይህ ቤት እንጀራ እንዲጋገርበት፣ በበዓል እንዲታረድበት፣ ለቅሶና ሠርግ እንዲስተናገድበት ተብሎ ከብሎኮቹ ጋር የተሠራ ነው። በእኛ ሳይት ግን አንዱ ለሱቅ፣ አንዱ ለመጋዘን ተከራይቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያውን ለቤቶቹ ባለቤቶች በጋራ ስለሚሰጥና ማኅበሩም በእነርሱ አባልነት የሚቆም ስለ ሆነ፣ በጠቅላላ ጉባኤ አንሥተን ከሁለት ዓመት ክርክር በኋላ አንደኛውን አስመለስን። ቤት የሚገዛ ሰው ይህ ሕንፃ በማን እጅ እንዳለ ቢጠይቅ ማኅበሩ ብርቱ መሆን አለመሆኑን በአንድ ጥያቄ ይረዳል።

ገበያን በሚመለከት፣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ወፍጮ ቤት ለመሄድ እንኳ ባጃጅ እንከራይ ነበር፤ ዛሬ ወፍጮ ቤቱ፣ ጉልቱ፣ የሸማቾች ሱቁና የእሑድ ገበያው ሁሉም በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ዘመናዊ መደብር የሚፈልግ ጉርድ ሾላ አጠገብ ሴንቸሪ ሞል አለለት። ትምህርት ቤት ግን በጥንቃቄ መመረጥ አለበት፤ ክፍያውን ብቻ ሳይሆን ሰርቪሱ ልጁን ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚወስድ ይጠይቁ። የእኔ የመጀመሪያ ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይወጣ ነበር፤ በኋላ በእግር ወደሚሄድበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ስናዛውረው ውጤቱም ጤናውም ተሻሻለ።

በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም ብዙዎቻችን ስም የተለወጠ ብቻ ነው የመሰለን። በተግባር ግን የብዙ ቤቶች ፋይል ከአንዱ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላው ተዘዋውሯል። የባለቤትነት ካርታ ያለው ቤት የሚገዛ ሰው ካርታው ላይ የተጻፈው ክፍለ ከተማና ፋይሉ ዛሬ ያለበት ቦታ አንድ መሆኑን በአካል ሄዶ ያረጋግጥ፤ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ማለቴ ነው። እኛ የባለቤቴን ወንድም ቤት ስናስተላልፍ ፋይሉን ለማግኘት ብቻ አራት ወር ፈጅቶብናል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ የእግረኛ መንገዱ ሰፋ፣ የመንገድ መብራቱ በዛ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከሲኤምሲ ወደ ጎሮ በሚወስደው በኩል ትልቁ የአዲስ ዓለም አቀፍ ኮንቬንሽን ማዕከል ተከፈተ። ማታ ከሥራ ስመለስ የእጅ ባትሪ የምይዝበት ጊዜ ማለፉ በእውነት ያስደስተኛል፤ ሴት ልጄ በመብራት ስር በእግሯ ትመለሳለች። በዚያው ልክ ግን ኪራይ ጨምሯል፤ ከዋናው መንገድ ዳር የነበሩ ጉልቶችና ትንንሽ ሱቆች ተነሥተዋል፤ ቡና የምጠጣባት ጎረቤቴም ሥራዋን አጥታ ወደ ለገጣፎ ሄዳለች። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ናቸው፤ ቤት የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ማወቅ አለበት። የሚከራዩት ቤት ከዋናው መንገድ ዳር ከሆነ በቅርቡ የሚነሣ መሆን አለመሆኑን ወረዳ ሄደው ይጠይቁ።

ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጅ ሥራ ይዛ ከደሴ መጣችና መሪ አካባቢ ባለ አንድ መኝታ ቤት አገኘች። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ጠየቃት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል፤ ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ እንደሌለበት፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበትና ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ መሆን እንዳለበት ያዝዛል። አብሬያት ሄጄ ይህን በትሕትና ነገርናቸው፤ «ጋሼ፣ ውሉ ሲመዘገብ ለእርስዎም ዋስትና ነው» አልናቸው። ጥቂት አስበው ተስማሙ።

ከመፈረማችን በፊት ግን ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ የጎረቤት በር አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ወጣት እናት ሕፃን ታቅፋ ነበር። «ዛሬ ተራችን አይደለም እትዬ፤ ሐሙስ ማታ ይመጣል፤ እኛ ጋ ይደርሳል፣ ከእኛ በላይ ግን እንጃ» አለችኝ። የእኅቴ ልጅ ያየችው ቤት ሁለተኛ ፎቅ ነበር። ሐሙስ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከአከራዩ ቁልፍ ተቀብለን ባዶው ቤት ውስጥ ገብተን የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍተን ጠበቅን። ለረጅም ጊዜ አየር ብቻ ሲያፏጭ ቆየ፤ ከዚያም ዝገት የቀላቀለ ውኃ ወረደ፤ ወዲያው ጠራ። ውሉን በማግሥቱ ፈረመች፤ ቅዳሜ ዕቃዋን ስታስገባ የዕድሩን ዳኛ ስልክ ሰጥቻት ተመለስሁ።